የሄደር ሙቀት መከላከያ ንጽጽር፦ ፋሻ፣ የሴራሚክ ቅብ ወይስ የላሜራ ጋሻ?

ትራፊክ በበዛበት ሰዓት ከለገሃር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ የወጣ መኪና ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ሲጨርስ ኮፋኖው ቢከፈት ፊት የሚጠብስ ሙቀት ይወጣል። የሙቀቱ ዋና ምንጭ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጎን የተገጠመው የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ ነው። በተለይም ከፍስ ብረት የተሠራው የፋብሪካው ማኒፎልድ ተፈትቶ በምትኩ አራት ቧንቧ ያለው ሄደር ሲገጠም፣ የቧንቧዎቹ ግድግዳ ስስ ስለሆነና ከመኪናው ጋር የመጣው የሙቀት መከላከያ ላሜራም ብዙውን ጊዜ አብሮ ስለሚነሣ፣ ሙቀቱ በግልጽ ይጨምራል። ለዚህ መፍትሔ ፍለጋ ወደ መርካቶ ሶማሌ ተራ ከመውረድዎ በፊት የፋይበርግላስ ፋሻ፣ የባዛልት ፋሻ፣ የሴራሚክ ቅብና የላሜራ ጋሻ በምን እንደሚለያዩ ማወቅ ይጠቅማል።

በመጀመሪያ የሚጠበቀው ጥቅም በልኩ ይታወቅ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ቱርቦ (በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚስበው አየርም በዚያው ልክ ያንሳል። ይህን የጎደለ ጉልበት ሄደር በመጠቅለል መመለስ አይቻልም። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀዘቀዘ ቁጥር እፍጋቱ በ1 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በሄደሩ አጠገብ የሚያልፉት የካንዴላ ገመዶች፣ የጎማ ቱቦዎችና የነዳጅ መስመሮች ዕድሜያቸው ይረዝማል፤ ቱርቦ ባለው ሞተር ደግሞ ጭሱ ሙቀቱን ይዞ ስለሚደርስ ቱርቦው ቶሎ ይነሣል። እኔ ከሦስቱ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለገመዱና ለቱቦው ነው፤ በሙቀት የተሰነጠቀ የነዳጅ ቱቦ እሳት ያስነሣልና።

የፋይበርግላስ ፋሻ ከሁለቱ ፋሻዎች ርካሹ ነው። አምራቾች በአብዛኛው ከ540 እስከ 650 ዲግሪ የሚደርስ የማያቋርጥ ሙቀት ይችላል ይላሉ። ጫና በበዛበት የቤንዚን ሞተር ከቴስታታው የሚወጣው ጭስ ከ800 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል ይህ ልክ ጠባብ ነው፤ ጭሱ ቀዝቀዝ ለሚል የናፍጣ ሞተር ግን ይበቃል። ከልኩ በላይ የሞቀ ፋይበርግላስ ይደርቃል፣ ይሰባበራል፣ በነኩት ቁጥርም ቆዳ የሚያሳክክ ብናኝ ይረግፍበታል። የባዛልት ፋሻ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀልጦ የተፈተለ ነው፤ ሻጮች «ታይታኒየም» ቢሉትም የታይታኒየም ብረት የለበትም። አንዳንድ አምራቾች እስከ 980 ዲግሪ ይችላል ብለው ይጽፉበታል። ሁለቱን ለመለየት ከጥቅሉ ጫፍ አንድ ክር መዝዘው ይተርትሩት፤ ባዛልት እስከ ውስጡ ድረስ ጥቁር ቡናማ ነው፣ የተቀባ ፋይበርግላስ ግን ውስጡ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ክሩን በላይተር ሲያቃጥሉት ቀልጦ የሚንጠባጠብ ከሆነ ከሁለቱም አይደለም፤ አይግዙት። የአስቤስቶስ ገመድ ወይም ፋሻ የሚያቀርብልዎ ሰው ካለ ደግሞ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት፤ ብናኙ የሳንባ ካንሰር ያመጣል።

የሁለቱም ፋሻዎች ትልቅ ጉድለት ውሃ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሮጌ ኮሮላዬ ላይ ከተራ ብረት የተሠራ ሄደር አስገጥሜ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል በሰኔ በፋይበርግላስ አስጠቀለልኩት። የጠቀለለው ባለሙያ ስለ ዝገት አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በመስከረም የታችኛውን ቧንቧ ስፈታ ፋሻው እርጥብ ነበር፤ ብረቱም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በንብርብር እየተላጠ በእጄ ላይ ቀረ። ፋሻው ከመንገድ የተረጨውን ውሃና ጭቃ እንደ ስፖንጅ ይዞ፣ ብረቱን በቀን ሲያግለው በሌሊት ሲያረጥበው ከርሟል። ከዝገቱም ሌላ፣ የተጠቀለለ ብረት ሙቀቱን ወደ ውጭ ማስወጣት ስለማይችል ራሱ ከወትሮው በላይ ይግላል፤ ብየዳው ይሰነጠቃል፣ ስስ ግድግዳውም ይበላል። አንዳንድ የሄደር አምራቾች የተጠቀለለ ሄደር ዋስትና የለውም የሚሉት ስለዚህ ነው። ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር ካለዎት ፋሻውን ከነጭራሹ አያስቡት፤ ዘይት የጠጣ ፋሻ ይቀጣጠላል።

ፋሻ የሚያዋጣው ሄደሩ የማይዝግ ብረት ከሆነ ወይም መኪናው ቱርቦ ካለው ነው፤ በዚያን ጊዜም ባዛልቱን ይምረጡ። መጠኑን ሲያሰሉ፣ 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ፋሻ በ4 ሴንቲሜትር ቧንቧ ላይ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል እየተደራረበ ከተጠቀለለ ለአንድ ሜትር ቧንቧ 3 ሜትር ገደማ ይፈጃል፤ ስለዚህ 15 ሜትር ያለው ጥቅል 5 ሜትር ያህል ቧንቧ ይሸፍናል። እስከ ግማሹ የሚደራርብ ሠራተኛ ግን ያንኑ ጥቅል በ3 ሜትር ቧንቧ ይጨርሰዋል። ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይጠቅለል፤ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የላይኛው የታችኛውን ስለሚሸፍን ውሃው ይወርዳል። ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተርና በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን የሚለካው የኦክሲጅን ሴንሰር አይሸፈኑም።

የሴራሚክ ቅብ፣ በትክክል ከተሠራ፣ ለተራ ብረት ሄደር ከሁሉ ይሻላል። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያነሰ ነው፤ ውሃ አይዝም፣ ብረቱንም ከውስጥና ከውጭ ከዝገት ይጠብቃል። ነገር ግን ሄደሩ ወጥቶ በአሸዋ ግፊት መጠረግና ከተቀባ በኋላ በምድጃ መጋገር ስላለበት ሥራውም ወጪውም ይከብዳል። በጣሳ የሚሸጥን የሙቀት ቀለም ከዚህ ጋር አያምታቱት፤ እርሱ መልክ ያሳምራል እንጂ ሙቀት አይገታም።

ለዕለት ሥራ በከተማ መሃል ለሚመላለስ መኪና የእኔ ምርጫ የላሜራ ጋሻ ነው። በሄደሩና በጋሻው መካከል የሚቀረው የአንድ ሁለት ሴንቲሜትር ክፍተት አየር ስለሚያሳልፍ ብረቱ ይተነፍሳል፤ ውሃ ቢገባም ወዲያው ይደርቃል፤ ለመፈተሽም አራት ቡሎን መፍታት ይበቃል። የሚያግደው የሙቀት መጠን ከፋሻ ቢያንስም ገመዱንና ቱቦውን ለማዳን በቂ ነው። ከፋብሪካው የመጣው ጋሻ ካለ እርሱን ማስጠገን ይቅደም። አዲስ የሚያሠሩ ከሆነ ላሜራው የማይዝግ ብረት ይሁን፤ የጣሪያ ቆርቆሮ ቁራጭ አይቀበሉ፣ የተለበጠበት ዚንክ ከ200 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ አይቆይምና ይላጣል፣ በ419 ዲግሪም ይቀልጣል፤ ጭሱም ጤና ይጎዳል።

ፋሻውን የመረጡ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ሞተሩን ደጅ አውጥተው ያስነሡት፤ ማጣበቂያው እስኪቃጠል ድረስ ለደቂቃዎች ነጭ ጭስ ይወጣል። ክረምቱ ሲያልፍ ደግሞ የታችኛውን ሁለት ዙር ፈትተው ብረቱን በሽቦ ብሩሽ ይሞክሩት፤ በንብርብር የሚላጥ ከሆነ ፋሻው በዚያው ቀን ይውረድ።