የድሮ ፎቶ ወዳጆች ማስቶዶን ላይ፦ የት ተበታተንን፣ እንዴትስ ተገናኘን

የምሠራው ፒያሳ፣ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። በኮሪደር ልማቱ የሰፈሩ ትልቅ ክፍል ሲፈርስ የድሮ ፎቶ የሚያመጡልኝ ደንበኞች ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የቀረን መገናኛ ስልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ማስቶዶን የሚባለውን ማኅበራዊ ሚዲያ የምለካው በአንድ ጥያቄ ነው፦ የተበተነ ሰው ይሰበስባል ወይ?

ለማያውቀው በአጭሩ፦ ማስቶዶንን እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ኦይገን ሮችኮ ነው። ብዙ ሰርቨሮች፣ ማለትም ሰው መርጦ የሚመዘገብባቸው የተለያዩ ድረ ገጾች አሉት፤ እያንዳንዱ የራሱ ባለቤትና ደንብ አለው። እርስ በርስ የሚነጋገሩት አክቲቪቲፐብ በሚባል የጋራ ፕሮቶኮል ነው። አፑ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም። ይሄ ብቻውን ደስ ይላል።

ችግሩን በአንድ ፎቶ ላሳያችሁ። የለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የተነሳ ምስል ለጠፍኩ። የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የለበትም። ጣቢያው የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። አንበሳው በ1923 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥና ሰሞን ቆመ። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ነቅሎ ሮም ወሰደው፤ የተመለሰውም ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ ፎቶው ወይ ከአንበሳው በፊት ያለችው አጭር ጊዜ ነው፣ ወይ ከወረራው በኋላ። በሌላ ሰርቨር ያሉ አንድ ጋሼ መኪኖቹን አይተው «ከወረራው በኋላ ነው» ብለው በዝርዝር መለሱ። ወርቅ የሆነ መልስ ነበር። ከሦስተኛ ሰርቨር የገባ ልጅ ግን ያንን ጭራሽ አላየውም። ያንኑ ጥያቄ እንደገና ጠየቀ፣ ማንም ስላልመለሰለት ተወው። በጣም አዘንኩ። ጋሼ የሚያውቁትን የሚያውቅ ሰው ስንት ቀርቷል?

ምክንያቱ ቀላል ነው። በቀድሞው አሠራር ሰርቨሩ የሚያሳየው ወደ እሱ የተላከውን ነው፤ የጎደለውን መልስ ሄዶ አይፈልግም። እትም 4.5 ይህን አስተካክሏል፣ የቀሩትን መልሶች ራሱ ያመጣል። ግን እያንዳንዱ ሰርቨር የሚታደሰው ባለቤቱ ሲመቸው ነው። እኔ የነበርኩበት በጣም ዘገየ።

ሃሽታግ ላይ ደግሞ የራሳችን ፊደል ይጨመርበታል። አንዱ #ለገሃር ይላል፣ ሌላው #ለገሀር። ሐውልት፣ ሀውልት፣ ሃውልት። ማስቶዶን እነዚህን እንደ አንድ አይቆጥራቸውም፣ ለእያንዳንዱ የተለየ ገጽ ይከፍታል። በጥቂት ሰው ላይ ይሄ ትልቅ ጉዳት ነው። ተነጋግረን ሁላችንም #የድሮአዲስ ብቻ እንድንጠቀም ተስማማን፤ ለስህተት የሚያጋልጥ ፊደል ብዙም የለበትም። ከእትም 4.0 ጀምሮ ሃሽታግን እንደ ሰው ፎሎው ማድረግ ስለሚቻል ጠቅሞናል። ሆኖም ሰርቨራችሁ ያልደረሰው ፖስት በሃሽታጉም አይመጣም። ስለዚህ አንዲት ጓደኛችን የሁላችንንም አድራሻ በሲኤስቪ ፋይል (ተራ የስም ዝርዝር ሠንጠረዥ) ይዛለች። አዲስ ሰው ሲመጣ ፋይሉን ትልክለታለች፣ እሱም በድረ ገጹ ሴቲንግ በኩል አስገብቶ ሁላችንንም በአንዴ ፎሎው ያደርጋል። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በላይ የሰበሰበን ይሄ ነው። ከማስቶዶን የምጠብቀውም ይህንን ለጀማሪ ቀላል እንዲያደርገው ነው። ኮምፒውተር የማይነካ አዛውንት ይህን ሁሉ እንዴት ያደርጋል?

ብሉስካይ የሚባለው ሌላ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ለቀሩት ጓደኞች ብሪጂ ፌድ የሚባል ድልድይ አለ። የድልድዩን አካውንት ፎሎው ስታደርጉ ፖስታችሁ ወደ ማዶ ይሻገራል። በሁለቱም በኩል ያለው ሰው ግን ፈቅዶ መግባት አለበት፤ ያልገባው ሰው መልስ አይደርሳችሁም። ፓይፌድ የተባለው ሌላው መድረክ በየማኅበረሰቡ የተለጠፈ አንድ ሊንክ ላይ የተሰጡትን አስተያየቶች በአንድ ገጽ ያሳያል። ማስቶዶን ላይም ቢኖር እንዴት በጠቀመን!

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። ሰርቨር ስትቀይሩ ተከታዮቻችሁ አብረው ይመጣሉ፣ የድሮ ፖስታችሁ ግን እዚያው ይቀራል። ለፎቶ ሰብሳቢ ይሄ ከባድ ነው። ዋናውን ፎቶ ሁልጊዜ እቤታችሁ አስቀምጡ፤ የአካውንታችሁንም አርካይቭ (የፖስታችሁንና የፎቷችሁን ቅጂ) በየጊዜው አውርዱ።

ከ5 ኮከብ 3 እሰጠዋለሁ፤ ሰርቨሩ 4.5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 4። የእትሙን ቁጥር በድረ ገጹ ግርጌ ታገኙታላችሁ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት እዩት።