ማዕረግ መግዛት ወይስ ወልዊች መግባት?

እስከ 1871 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ባለርስት ልጅ መኮንን ለመሆን ሁለት ዋና መንገዶች ነበሩት።

በእግረኛና በፈረሰኛ ጦር ማዕረግ በገንዘብ ይገዛ ነበር። በተራ እግረኛ ሬጅመንት የመጀመሪያው የመኮንንነት ማዕረግ 450 ፓውንድ ያወጣል፤ የጀማሪው ደመወዝ ግን በዓመት 95 ፓውንድ ገደማ ነው። ለመቶ አለቅነት 250፣ ለሻምበልነት ሌላ 1,100 ይጨመራል። ይህ የደንቡ ዋጋ ነው፤ ሻጩ በጓሮ በር የሚቀበለው ተጨማሪ ገንዘብ ሌላ ነው። ባለገንዘቡ ወጣት ነባሩን ድሃ መኮንን ዘሎት ያልፋል። ጡረታ ሲወጣ ማዕረጉን ሸጦ ገንዘቡን ያስመልሳል። በጦር ሜዳ ከሞተ ግን ቦታው ያለ ክፍያ ለተከታዩ ስለሚተላለፍ ያወጣው ገንዘብ አብሮት ይቀበራል። በ1854 በክራይሚያ ጦርነት፣ ባላክላቫ ላይ ቀላል ፈረሰኛውን ወደ ሩሲያ መድፍ የመራው ሎርድ ካርዲጋን ሌተና ኮሎኔልነቱን የገዛው በዚህ መንገድ ነው።

መድፈኛና መሐንዲስ መሆን የፈለገ ደግሞ ወልዊች ከተባለው የጦር ትምህርት ቤት ገብቶ ሒሳብና ምሽግ አሠራር ይማራል። እዚያ ማዕረግ አይሸጥም፤ ዕድገቱ በቅድሚያ ተራ ብቻ ነው። ችግሩም ይኸው ነው፤ ከላይ ያለው ካልሞተ ወይም ካልለቀቀ የታችኛው ሽበት እያወጣ ይጠብቃል።

ኪሱ ለሳሳ ሁለተኛ ልጅ ወልዊች ይሻል ነበር። ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ሮበርት ናፒየር ነው፤ እሱም ያለ ግዢ ያደገ መሐንዲስ ነው፤ የተማረው ግን በምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ትምህርት ቤት፣ በአዲስኮምብ ነው። በ1868 መቅደላ ከመድረሱ በፊት በቀይ ባሕር ዳርቻ ዙላ ላይ የመርከብ ማራገፊያና የባቡር ሐዲድ አሠርቷል።