ባለ አንድ ርቀት የዓይን ሌንስ፣ በጣርማበር መንገድ ተፈትኖ

አይሱዙ ነው የምነዳው። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ጭኜ፣ ደብረ ሲናን አልፌ፣ የጣርማበርን ዳገት ወጥቼ አዲስ አበባ አራግፋለሁ። ዳገቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጉም ከወረደ መሪያችሁ ከፊት ያለው መኪና የኋላ መብራት ብቻ ነው። የቀኝ ዓይኔ ሞራ ተገፍፎ የገባልኝን ሌንስ የምመዝነው በዚህ መንገድ ነው። በተለይ ሾፌሮች ብታነቡት ደስ ይለኛል።

ሞራው ቀን ላይ ያን ያህል አላስቸገረኝም ነበር። ጉዱ ማታ ነው። ከፊት የሚመጣው መብራት ይበተንብኛል፤ የአስፋልቱ ጠርዝ ይጠፋል። የሰፈር ሰው ሁሉ «እስኪበስል ጠብቅ» ይለኝ ነበር። ይሄ የድሮ ምክር ነው። ዛሬ ሞራው ሥራችሁን ካስቸገረ ይገፈፋል። በጣም እስኪጠነክር ከጠበቃችሁት እንዲያውም ማውጣቱ ይከብዳል።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ አላስደሰተኝም። «ሌንስ ይገባልዎታል፣ ያያሉ» አሉኝ፤ በቃ። ምን እንደምሠራ የጠየቀኝ የለም። የቅርቡ እንዴት እንደሚሆን የነገረኝም የለም። ሰው ዓይኑን ሲሰጥ ይሄ ሊነገረው ይገባል፤ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። ሌላ ቦታ ያገኘኋት ሐኪም ግን ገና ከመቀመጤ «ጋሼ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለችኝ። ሾፌር መሆኔን ስነግራት ሌንሱን በእጇ ይዛ አስረዳችኝ።

መሃሏ ምስር ታክላለች፤ ስፋቷ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከግራና ከቀኝ ቀጫጭን እግሮች አሏት። የደፈረሰው የተፈጥሮ ሌንስ ሲወጣ ስስ ከረጢቱ ዓይን ውስጥ ይቀራል። አዲሷ እዚያ ውስጥ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች። እየቆየች አታረጅም፣ ወጥታ አትታጠብም፤ ዕድሜ ልክ ናት። የመጀመሪያውን ሌንስ እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ ነው ያስገባው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተዋጊ አውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ ስብርባሪ አብራሪዎች ዓይን ውስጥ ገብቶ፣ ዓይኑ እንዳልተቆጣ አይቶ ነበር። ይሄን ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይቺ ሌንስ የምታጠራው አንድ ርቀት ብቻ ነው። የወጣት ዓይን ሩቁንም ቅርቡንም እየተለዋወጠ ያያል፤ እሷ አትለዋወጥም። አብዛኛው ሰው ሩቁን ይመርጣል፤ እኔም ሩቁን መረጥኩ። ሩቅም ቅርብም አሳያለሁ የሚል ባለ ብዙ ርቀት ሌንስ አለ፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሐኪሟ ግን አልደበቀችኝም፤ እሱ ብርሃኑን ስለሚከፋፍል አንዳንድ ሰው ማታ በመብራት ዙሪያ ቀለበት ያያል። እኔ የሸሸሁት መብራት ነው፣ ቀለበት ከፍዬ አልገዛም! ሌሊት ለሚነዳ ሰው ባለ አንድ ርቀቷ የድሃ ምርጫ አይደለችም፤ ትክክለኛዋ ናት።

ውጤቱን ልንገራችሁ። ከጣርማበር የመኪና ዋሻ ስወጣ የፊቴን መኪና ታርጋ አነባለሁ። ማታ መብራቱ መብራት ብቻ ሆኗል፤ ከጎኑ ያለው የመንገድ ጠርዝ ይታየኛል። ቀለሙ ደግሞ! ያልተሠራው ግራ ዓይኔ ነጩን ነጠላ ቢጫ ያደርገዋል። ቀኙ ነጭ ነው የሚያየው። ሁለቱን እያፈራረቅሁ ስጨፍን ባለቤቴ ሳቋ አያልቅም።

ጉድለቷም አለ። ዳሽቦርዱ መካከለኛ ርቀት ላይ ነው። የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ትታየኛለች፤ ዳገት ላይ የምፈልገውም እሷን ነው። ትንንሾቹ ጽሑፎች ግን ይደበዝዛሉ። ስልክና ደረሰኝ ያለ መነጽር ጭራሽ አይነበብም። ፕላስ ሁለት ተኩል የማንበቢያ መነጽር ኪሴ ውስጥ ነው። ለልብስ ሰፊ፣ ለጠላፊ፣ ዳዊት ለሚደግም ካህን ይሄ ትልቅ ጉዳይ ነው። እነሱ ቅርቡን የምታጠራ መርጠው ለሩቁ መነጽር ማድረግ ይችላሉ። ግን አስቀድሞ መነገር አለበት፤ ከገባች በኋላ በቀላሉ አትቀየርም።

ሕክምናው ራሱ ቀላል ነበር። ዓይኑን ያደነዝዙታል፣ አያምም፣ ስፌትም አልነበረውም። ከዚያ ጠብታ፣ ከአቧራ መጠበቅ፣ አለማሸት፣ ከባድ አለማንሳት። ሐኪሟ እስክትፈቅድልኝ መሪ አልያዝኩም፤ መኪናውን ረዳቴ ነበር የሚያንቀሳቅሰው። ከወራት በኋላ እይታችሁ እንደገና ቢደበዝዝ ሞራው ተመልሶ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከረጢቱ ነው የሚደፈርሰው፤ በሌዘር በደቂቃዎች ይከፈታል።

አንድ ነገር አደራ። የሌንሱ ኃይል ከሰው ሰው ይለያያል። የሚታወቀው የዓይን ርዝመትና የዓይኑ የፊት ጥርት ያለ ሽፋን ጉብጠት ተለክቶ ነው። በነጻ ዘመቻም ሂዱ በክፍያ፣ «ዓይኔ ተለካ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሌንሱ ማሸጊያ ላይ የሚላጥ፣ ኃይሉ የተጻፈበት ተለጣፊ ወረቀት አለ፤ የኔ ላይ 21.5 ይላል። ካርዳችሁ ላይ ይለጥፉላችሁ፣ ፎቶም አንሱት። ሁለተኛውን ዓይን ሌላ ሐኪም ቢሠራው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።