ቡናው ጥሩ ነው፣ ደረሰኝ ግን የለም

የእህቴን ልጅ ይዤ አንድ የውጭ አገር ሥራ ኤጀንሲ ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠቅስም። አዲስ አበባ ነው፣ ከሥሩ ካፌ ያለበት ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሊፍቱ አይሠራም። ኢንተርኔት ላይ ካያችሁት አምስት ኮከብ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የተጻፈለትን ሁሉ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። "ቪዛ ቶሎ ይመጣል።" "ሠራተኞቹ ትሑት ናቸው።" "ተባረኩ።" ስለ ውሉ የጻፈ አንድ ሰው የለም። እንግዲያው እኔ ልጻፈው።

መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን። ቢሮው ንጹሕ ነው። ቡና ከነፈንዲሻው ይመጣል፣ ቡናው ደግሞ የእውነት ቡና ነው። እንግዳ ተቀባይዋ "እናቴ፣ ይቀመጡ" ብላ ወንበር ስባ ሰጠችኝ። ፈቃዳቸው በፍሬም ሆኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ተነሥቼ የሚያበቃበትን ቀን አየሁ፣ አላለፈም። ሌላ ሰው ሲያይ ግን አላየሁም። ሁሉም አጠገቡ የተሰቀለውን የዱባይ ፎቅ ነው የሚያየው።

ከዚያ ወደ ገንዘቡ መጣን። "ለፕሮሰስ" 15,000 ብር ተባልን። ምን ምን እንደሆነ ዘርዝሪልኝ አልኳት። "ቪዛ፣ ትኬት፣ ኢንሹራንስ፣ እንዲህ እንዲህ ነው" አለችኝ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ግን እነዚህን የሚከፍለው አሠሪው ነው ይላል። ሠራተኛዋ የምትችለው የፓስፖርቷን፣ የሜዲካሉን፣ የክትባቱን፣ የልደት ሰርተፍኬቱንና የሲኦሲውን (የሙያ ብቃት ማረጋገጫውን) ዓይነት ወጪ ነው። ይህን በትሕትና ነገርኳት። ልጅቷም በትሕትና ፈገግ አለች። "ሁሉም ቤት እንደዚያ ነው፣ እናቴ።" ደረሰኝ ስላት ደግሞ "ሲስተም የለም" አለችኝ። ለቡናው ሲስተም አለ።

ውሉ የመጣው በዓረብኛ ብቻ ነው። እኔ ቤይሩት ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ዓረብኛውን እናገረዋለሁ እንጂ አላነበውም። ቁጥሩን ግን ለየሁት፣ 1,000 ሪያል ይላል። የዕረፍት ቀን የት ላይ እንደተጻፈ አሳዪኝ ብላት ገጹን ወደ ፊት አገላበጠች፣ ወደ ኋላ አገላበጠች። የአማርኛውን ቅጂ ስጠይቅ "ኤርፖርት ላይ ይሰጣታል" ተባልኩ። ኤርፖርት ላይ ሻንጣዋን ታስመዝን ወይስ ውል ታንብብ? ፓስፖርቷን ደግሞ አሁኑኑ ተዉልን አሉ። መሳቢያው ሲከፈት አየሁት፤ ፓስፖርት በላስቲክ እየታሰረ እንደ ካርታ ተደርድሯል። እኔ ኮፒ ብቻ ሰጥቼ ዋናውን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩ። የእህቴ ልጅ አፍራ ጎኔን ጎሸመችኝ።

ይሄ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው።

መጠበቂያው ላይ አጠገባችን አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አፏ ድረስ ተከናንባለች፣ እግሯ ላይ ያለው ጫማ አዲስ ነው፣ ይሰፋታል። ከጎኗ ደላላው። ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። "ስንት ዓመትሽ ነው?" ይላታል። "አሥራ..." ስትል "ሃያ ሁለት!" ይላታል። "ድገሚ።" ትደግማለች። "የት ነው የተወለድሽው?" እሱንም ያስጠናታል። ክፍሉ ሙሉ ሰው ነበር። አንዱ ስልኩ ላይ ቲክቶክ ያያል። አንዲት እናት ሳቅ ብላ "ትለምደዋለች" አለች። ጥበቃው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ከየት ነሽ ብዬ ጠየቅኳት፣ "ከከሚሴ ማዶ" አለችኝ። ደላላው ዘወር ብሎ "እትዬ፣ የራስዎን ልጅ ይዩ" አለኝ። ቁጣ የለውም፤ ወረፋ እንደሚያስከብር ሰው ነው የተናገረው።

ተነሥቼ ለእንግዳ ተቀባይዋ ነገርኳት። አዋጁ ከ18 ዓመት በታች አይፈቅድም አልኳት። "ፓስፖርቷ ላይ ሃያ ሁለት ነው የሚለው። እኛ የምናየው ፓስፖርቱን ነው" አለችኝ። አልዋሸችም እኮ። ሁሉም የድርሻውን ወረቀት አይቷል፣ ልጅቷን ግን ያየ የለም።

ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ። በፈረንጆች 2012፣ መጋቢት ላይ፣ ቤይሩት ነበርኩ። ዓለም ደቻሳን፣ እዚያ የቤት ሠራተኛ የነበረችውን ኢትዮጵያዊት፣ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በገዛ ቆንስላችን በር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ሰው እየጎተተ መኪና ውስጥ ሲከታት የተቀረጸው ቪዲዮ በሊባኖስ ቴሌቪዥን ታየ። ከቀናት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷን አጠፋች ተባለ። የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ቪዲዮው የታየ ማታ ማዳሜ እንግዳ ነበረባት። እነሱ ተቀምጠው እኔ ትሪ ይዤ ቆሜ አብረን አየነው። አንዷ "ያ ሐራም"፣ ምስኪን፣ አለችና ፒስታሽዮዋን መላጧን ቀጠለች። ክፉ ሴት አልነበረችም። ለእኔም ጉርሻ ትሰጠኝ ነበር። በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅም ያው ነው፤ አሠሪዎች ሴቶቹን ከነሻንጣቸው ቆንስላው በር ላይ እያራገፉ ሄዱ። መንገደኛው አለፈ። እኛም እዚህ ሆነን "አይ የሰው አገር" አልን፣ በሳምንቱ ረሳነው።

ወደ ታች ወርደን ካፌው ውስጥ ማኪያቶ ስንጠጣ የልጅቷን ነገር ለአስተናጋጁ አወራሁት። "እዚህስ ምን ሥራ አለ፣ እትዬ?" አለኝ። ትክክል ነው፣ የለም። የእህቴ ቤት ቆርቆሮ የተመታው በእኔ የቤይሩት ብር ነው። አትሂዱ የምል ሰው አይደለሁም። መንግሥትም በ2006 ዓ.ም. ወደ ዓረብ አገር መሄድ ከልክሎ ነበር፤ ሰዉ መቼ ቀረ? በየመን በኩል፣ በሱዳን በኩል ሄደ። እገዳው በ2010 ሲነሣ ፈቃድ ያለው ቢሮ ይሻላል የተባለው ለዚህ ነበር፤ ይሻላልም። ግን ፈቃድ ያለው ቢሮ ውስጥ፣ ቡና እየተጠጣ፣ የልጅ ዕድሜ እየተጠና ከሆነ እኛ ወንበር የሞላነው ሰዎች ምን እየሠራን ነው? አምስት ኮከብ እየሰጠን ነዋ።

እኔ የሰጠሁት አንድ ነው፤ ለቡናውና ለወንበሩ። ጥቆማውን ደግሞ በነጋታው ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄጄ በጽሑፍ አስገብቻለሁ። የደብዳቤው ቁጥር እጄ ላይ አለ፣ መልሱን እጠብቃለሁ። እዚያ ቢሮ መሄዳችሁ ካልቀረ ዋናውን ፓስፖርት አትተዉ፤ ውሉን ከፊርማ በፊት ፎቶ አንሡና ዓረብኛ የሚያነብ ሰው ፈልጉ። ብር በእጅ አትስጡ።

የእህቴ ልጅ አሁንም መሄድ ትፈልጋለች። ለሁለት ቀን አኩርፋኝ ነበር፣ "አሳፈርሽኝ" ብላ። ማክሰኞ ሌላ ኤጀንሲ ቀጠሮ አለን። ስልክ ደውዬ የአማርኛ ውል አላችሁ ወይ ብዬ ጠይቄ፣ "አለ፣ መጥተው ያንብቡ" ብለውኛል። አንብቤው ያየሁትን እጽፋለሁ።