ዚፊን ለዚንክ ፊንገር ጂኖች፦ ምን ያህል ይታመናል?

ዚፊን በአሜሪካ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጅ የዜብራፊሽ (ለምርምር የሚውል ትንሽ ዓሣ) ጂኖች ዳታቤዝ ነው። ክፍያ የለውም፤ ለመፈለግም አካውንት አይጠይቅም። ፅንስ ሲያድግ የትኛው ጂን፣ የት፣ በስንተኛው ሰዓት እንደሚሠራ ለሚያጠና ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም ብንል ማጋነን አይሆንም። ዚንክ ፊንገር ትራንስክሪፕሽን ፋክተሮች ላይ፣ ማለትም ዚንክ በያዘ ጣት መሰል ክፍላቸው ዲኤንኤ ላይ ተጣብቀው ሌሎች ጂኖችን በሚቆጣጠሩ ፕሮቲኖች ላይ፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ገጹ ላይ ያለው ሁሉ ትክክል ሆኖ አንባቢው የተሳሳተ ድምዳሜ ሊይዝ ይችላል።

ኢጂአር2ቢ የተባለውን ጂን እንውሰድ። ፕሮቲኑ ሦስት ዚንክ ፊንገር አለው። እያንዳንዱ 30 ያህል አሚኖ አሲድ ሲሆን፣ ሁለት ሲስቲንና ሁለት ሂስቲዲን አንድ ዚንክ ይዘው ያጥፉታል። ጂኑ የሚታወቀው በኋላ አንጎል ሦስተኛውና አምስተኛው ሮምቦሜር (የፅንሱ የኋላ አንጎል ክፍልፋይ) ላይ በሚያሳያቸው ሁለት መስመሮች ነው። ክሮክስ20 የሚለውን የድሮ ስሙን ቢጽፉም ወደ ትክክለኛው ገጽ ይወስድዎታል፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ኢጂአር2ኤንም መክፈት አይርሱ። በአጥንታም ዓሦች ቅድመ አያት ጂኖም ስለተባዛ፣ በሰው አንድ የሆነው ጂን እዚህ ብዙ ጊዜ ጥንድ ነው። አንዱ ሲጠፋ ለውጥ ካልታየ ሌላው ሸፍኖለት ሊሆን ይችላል።

የሰዓት መረጃው ደካማ ጎን አለው። መረጃው የሚመዘገበው በእድገት ደረጃ ነው፤ ለምሳሌ ከ1 እስከ 4 ሶማይት (በፅንሱ ጀርባ በኩል በተራ የሚወጡ ክፍልፋዮች) ያለው ደረጃ ከ10.33 እስከ 11.66 ሰዓት ይይዛል። የሦስተኛው ሮምቦሜር መስመር ከአምስተኛው ቀድሞ መውጣቱ በዚህ ስፋት ውስጥ ይሰወራል። ሰዓቶቹ የሚሠሩትም ፅንሱ በ28.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያድግ ነው። ውሃው ከቀዘቀዘ እድገቱ ይዘገያል፣ ስለዚህ ሰዓት ከመቁጠር ሶማይት መቁጠር ይሻላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው የፌኖታይፕ (በዓሣው ላይ የሚታይ ለውጥ) ሠንጠረዥ ነው። ዓሣው በሚጻፍበት ዓምድ ላይ በኤምኦ የሚጀምር ስም ካዩ፣ ውጤቱ የመጣው ከሞርፎሊኖ (የጂንን ሥራ ለጊዜው የሚያግድ ሰው ሠራሽ ሞለኪውል) መርፌ እንጂ ከሚውቴሽን አይደለም። ሞርፎሊኖ ከታለመለት ጂን ውጭም ጉዳት ስለሚያደርስ፣ ሚውታንቱ (ጂኑ ራሱ የተለወጠበት ዓሣ) ካላረጋገጠው በዚያ ብቻ አይደምድሙ።

ሚውታንት ሲሆንም ስቶፕ ኮዶን (ፕሮቲኑ እዚህ ላይ ይቁም የሚል የጂን ምልክት) የሚለውን አይቶ ጂኑ ጠፍቷል ማለት አይቻልም። ጥያቄው ስቶፑ ከዚንክ ፊንገሮቹ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ነው። ጂሊ2ኤ በተባለው ሌላ ዚንክ ፊንገር ጂን ላይ ዩቱ የተባሉት ሚውታንቶች ጥሩ ማሳያ ናቸው። ፕሮቲኑ የተቆረጠው ከፊንገሮቹ በኋላ ስለሆነ አሁንም ዲኤንኤ ላይ ይጣበቃል፤ የጎደለው ጂን የሚያነሳሳው ጫፍ ነው። በዚህ ምክንያት የሄጅሆግ ምልክት (ሴሎች በእድገት ጊዜ የሚላላኩት መልእክት) የሚያነሳቸውን ጂኖች ያፍናል፤ ጤነኛ ቅጂ አጠገቡ ቢኖርም እንኳ። ይህን የጂሊ2ኤ መጥፋት ውጤት አድርጎ ማንበብ ከባድ ስህተት ነው። ዚፊን የሚውቴሽኑን ዓይነት ይነግርዎታል፤ ቦታውን ከፊንገሮቹ ጋር ማስተያየት ግን የእርስዎ ሥራ ነው። ይህን በአንድ ሥዕል ቢያሳይ ምንኛ ጥሩ ነበር!

አንዳንድ ምስሎች በቅጂ መብት ምክንያት አይታዩም፤ ዋናውን ጽሑፍ መክፈት ግድ ይላል። ዓሣውን ማዘዝ ለሚፈልግ ደግሞ የሚውቴሽን ሠንጠረዡ አቅራቢውን ስለሚጠቁም፣ ከማዘዝዎ በፊት የሚውቴሽኑን ገጽ አንዴ ከፍተው ስቶፑን ይፈትሹ።