ጠመንጃ ሳይሸጡ ጠመንጃ ላስመረጡን የቅዳሜ ገበያው ጋሼ

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሁለት ወር በፊት ነው። ፈተና ሆነ፣ ዝናቡ መጣ፣ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። አሁን ግን ልጆቹ ራሳቸው "ቲቸር፣ ስለ ጋሼ መቼ ነው የምትጽፊው?" እያሉ ወጥረው ያዙኝ። እውነታቸውን ነው።

ጋሼ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ፣ የስፌት መኪና ጠጋኞች አጠገብ፣ ትንሽ የቆርቆሮ ሱቅ አላቸው። ስሜን አትጻፊ ስላሉኝ አልጽፍም። ሥራቸው የስፌት መኪና፣ የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ዕቃ፣ ድሮ ደግሞ የላምባ ፕሪመስ ነበር። ጠመንጃ አይሸጡም። የልጆቻችንን የኢላማ ክለብ ከኪሳራ ያዳኑት ግን እሳቸው ናቸው።

ለማታውቁን፣ ከ12 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው 14 ልጆች አሉን። የምንተኩሰው በአየር ጠመንጃ ነው። ርቀቱ 10 ሜትር፣ ፍሬው 4.5 ሚሊ ሜትር እርሳስ። ባሩድ የሚባል ነገር የለበትም። በፈረንጆቹ 1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ኦሎምፒክ የገባ ስፖርት ነው። ፓሪስ 2024 ላይ የሴቶቹን ወርቅ የወሰደችው ደቡብ ኮሪያዊቷ ባን ህዮጂን 16 ዓመቷ ነበር፤ የእኛ ሴቶች ያንን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳዩት እኔ ነኝ የማውቀው። የምንተኩስበት የኢላማ ካርድ መሃል ላይ ያለችው ባለ 10 ነጥብ ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ከጤፍ ፍሬ ታንሳለች።

በዚህ ጊዜ ጠመንጃ የሚል ቃል ሲሰማ የሚደነግጥ ወላጅ አለ፣ አልፈርድበትም። እኛም ሥራ የጀመርነው መጀመሪያ ፈቃዳችንን ጨርሰን ነው። እና ጋሼ ዘንድ ስንሄድ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ወረቀቱ የታለ?" የሚል ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ፊቱንም ጀርባውንም አነበቡት። ከዚያ በኋላ ነው ካቻቢቴ ያነሱት። ልቤ ያመናቸው እዚያው ነው።

ይዘን የሄድነው ያለንን አንድ አሮጌ ባለ ሞላ ጠመንጃ ነበር። ጉልበቱ አልቆ ፍሬዋ ካርዱን ቀዳ መውጣት አቅቷት ነበር። ሞርሳው ላይ አሰሩት፣ ከኋላው የእንጨት ቁራጭ ደገፉበት፣ ብሎኑን ፈቱና ሞላውን ቀስ፣ ቀስ እያሉ ለቀቁት። "ይቺ ከታፈነችበት ብትፈናጠር ዓይን ታወጣለች" አሉ፣ ልጆቹን በእጃቸው ወደ ኋላ እየመለሱ። ፒስተኑ ሲወጣ ጫፉ ላይ ያለችው ጎሚኒ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈርፍራለች። ፍርፋሪውን መዳፋቸው ላይ አድርገው ልጆቹን አዩዋቸውና "ባዶውን ትተኩሳላችሁ?" አሉ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። እውነት ነው፣ ምላጭ መሳብ ለመለማመድ ብለን ፍሬ ሳናስገባ እናስተኩሳቸው ነበር። እኔ ነኝ የፈቀድኩት። ለካ ባለ ሞላ ጠመንጃ ውስጥ ፒስተኑን የሚያቆመው ከፊቱ የሚታመቀው አየር ነው፣ አየሩን ደግሞ የምታግደው ፍሬዋ ናት። ፍሬ ከሌለ አየሩ ወጥቶ ያልቅና ፒስተኑ ሄዶ ከብረቱ ጋር ይጋጫል።

አዲስ ጎሚኒ የለም። ምን አደረጉ መሰላችሁ? የበሬ ቆዳ ቆረጡ፣ ዘይት ውስጥ ነከሩት፣ ቶርኖ ላይ ባወጡት ቅርጽ ውስጥ ጠቅጥቀው እንደ ስኒ አጎደጎዱት። አሳደሩት። የፕሪመስ ፓምፕ ውስጥም ያለችው ያቺው የቆዳ ስኒ ናት፣ ስንት ዓመት ሠርተዋታል። በማግስቱ ጠመንጃው ካርዱን ጧ አድርጎ ቀዳው። አንዱ ልጅ "ሞላውን ጠንከር አድርገው ጉልበት ይጨምሩለት" ቢላቸው እሺ አላሉም። "ወረቀት ለመብሳት የምን ጉልበት ነው ልጄ?"

ዋናው ምስጋናዬ ግን የግዢው ነው።

ከወላጆችና ከወዳጆች ያሰባሰብነው ገንዘብ ነበረን። ሌላ ከተማ ያለ አንድ ሻጭ ስድስት ባለ ሞላ ጠመንጃ፣ ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ፣ በጥሩ ዋጋ እሰጣችኋለሁ ብሎ ቀብድ ክፈሉ ክፈሉ ይለን ነበር። ውጭ ያለ ወዳጃችን ደግሞ ያገለገሉ፣ የታመቀ አየር በጋን (በብረት ሲሊንደር) የሚሞላባቸው ሁለት የውድድር ጠመንጃዎች አገኘሁ አለን። ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። ወረቀቱን ሁሉ ይዤ ጋሼ ጋ ሄድኩ።

ስለ ጋኑ መጀመሪያ የጠየቁት "የት ልትሞሉት ነው?" ብለው ነው። እኛ ጎሚስታ ጋ ብለን ነበር። ሳቁም አልተቆጡም፣ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። የመኪና ጎማ ግፊት ሁለት ሦስት ባር (የአየር ግፊት መለኪያ) ነው፣ የጎሚስታው መጭመቂያ ቢበዛ አስር ባር ቢሰጥ ነው፣ የዚህ ጋን 200 ባር ይፈልጋል። የራሱ ፓምፕ ያስፈልገዋል፣ ፓምፑ ሌላ ወጪ ነው። ጋኑም የተሠራበት ቀን ተጽፎበታል፤ በውድድር ደንብ ከ10 ዓመት በላይ የሆነው አይፈቀድም። ወዳጃችንን ቀኑን አይልን አልነው። የአንደኛው አልፎበታል። በአየር ፈንታ በጋዝ የሚተኩሰውንም ጠመንጃ አነሳሁባቸው፤ ጋዙ እዚህ አይገኝም፣ በጎንደር የጠዋት ብርድ ደግሞ ግፊቱ ይወርዳል ብለው በአንድ አፍ ዘጉት።

ስድስቱን ባለ ሞላ ደግሞ እንዲህ አሉኝ። ሞላው ሲለቀቅ ፍሬዋ ገና ከአፈሙዝ ሳትወጣ ጠመንጃው ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይነቀነቃል፣ ጀማሪ ልጅ ይህን መቆጣጠር ይከብደዋል። ያ ንቅናቄ ርካሽ መነጽርን ይፈታዋል። መነጽሩ ቢተርፍም በ10 ሜትር ውድድር አይፈቀድም፤ የሚፈለገው በቀዳዳ የሚታይ ማነጣጠሪያ ነው። ሻጩ ይህን አንድም ቀን አልነገረንም። ቀብዱን ለመክፈል ሁለት ቀን ነበር የቀረን!

ከዚያ ጠመኔ አንስተው ጠረጴዛው ላይ ሒሳብ ሠሩልኝ። 14 ልጅ፣ በልምምድ 40 ተኩስ፣ 560። በሳምንት ሁለት ቀን፣ 1,120። አንዱ ቆርቆሮ 500 ፍሬ ይይዛል። በወር ዘጠኝ ቆርቆሮ ማለት ነው። "ስድስት ጠመንጃ ገዝታችሁ ፍሬ ስታጡ ግድግዳ ላይ ልትሰቅሉት ነው?" እኔ ይህን ሒሳብ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም ነበር፣ ኮሚቴ ሆነን ስንት ስብሰባ ስንቀመጥ ስለ ጠመንጃው ዋጋ እንጂ ስለ ፍሬው ያነሳ ሰው አልነበረም።

የመከሩን ባለ ማንሻ ነው። ጎን ላይ ያለውን እጀታ አንዴ ከፍተህ ስትዘጋው የአንድ ተኩስ አየር ይታመቃል። ጋን የለ፣ ጋዝ የለ፣ ንቅናቄ የለ። ያገለገሉ ሁለት ዴይዚ 853 አገኘን፣ አሜሪካ ውስጥ የልጆች ክለቦች ብዙ ዓመት የሠሩበት ነው፣ ክብደቱ ወደ 2.5 ኪሎ ነው። ችግር የለውም አልልም፤ እጀታው ለትንንሾቹ ይጠነክራል፣ ስለዚህ ትልልቆቹ ይዘጉላቸዋል፣ አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንደዞረ። ከአሮጌው ጋር ሦስት ሆኑ። ሦስት ልጅ ይተኩሳል፣ ሌላው ነጥብ ይጽፋል። የተረፈው ገንዘብ ለፍሬና ለዓይን መከላከያ መነጽር ሆነ።

አንድ ነገር ልጨምር። ትንሿ ልጃችን 12 ዓመቷ ነው፣ ሁልጊዜ አንገቷን አጣማ ነበር የምታነጣጥረው። እኔ ፍርሃት መስሎኝ ነበር። ጋሼ ክንዷን አሳጠፏት፣ ሰደፉን ክርኗ ላይ አስደገፉና ጣቷ ምላጩ ጋ አለመድረሱን አሳዩኝ። ሰደፉ ረዝሞባታል! አሳጠሩት፣ ከዋንዛ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሦስት ቁራጮች ሠሩ፣ ረጅም ብሎን አደረጉላቸው። አሁን ለትልቅ ልጅ ቁራጭ ይጨመራል፣ ለትንሽ ይቀነሳል። በሁለተኛው ሳምንት ልጅቷ አምስቱንም ፍሬ አንድ ቆርኪ በሚሸፍነው ቦታ ላይ አሳረፈች። እኔ አለቀስኩ፣ ይኸው።

ከኢላማው ጀርባ የሚቀመጠውን ፍሬ ማቆሚያ ብረትም ወደ ታች አጋድለው እሳቸው ናቸው የሠሩልን፤ እርሳሱ ከሥሩ ሳጥን ውስጥ ይወድቃል። ልጆቹ እጃቸውን በሳሙና ሳይታጠቡ ቆሎ እንዳይነኩ ያሉትም እሳቸው ናቸው። ለዚህ ሁሉ የተቀበሉን የቆዳውን፣ የብረቱንና የብሎኑን ዋጋ ብቻ ነው። የእጅ ብለን ብንለምን "ለልጆቹ ፍሬ ግዙበት" አሉ።

ስለዚህ ጎንደርም፣ አዘዞም፣ ጠዳም ያላችሁ፣ ፓምፕም ይሁን ስፌት መኪና ጋሼ ጋ ውሰዱት። ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛባቸው በሌላ ቀን ጠዋት ሂዱ። የማይሠራውን አይሠራም ይሏችኋል፣ አይደብቁም። የአየር ጠመንጃ ከሆነ ደግሞ ፈቃድ ሳትይዙ አትሂዱ፣ በሩ ላይ ይመልሷችኋል።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ትንሿ ልጅ ያቺን አምስት ቀዳዳ ያለባት ካርድ በፖስታ አድርጋ አስቀምጣልዎታለች፣ በዚህ ሳምንት ይዘንልዎት እንመጣለን።