ለጎንደር ፎቶ አንሺ የትኛው ይሻላል፦ ቴሌግራም፣ ዊክስ፣ ስኩዌርስፔስ ወይስ ዎርድፕሬስ?

ባለፈው ጥር ፒያሳ አንዲት ጀበና ቡና ቤት ቁጭ ብለን፣ ፎቶ አንሺ ወዳጄ አዲሱን ዌብሳይቱን በስልኬ አስከፈተኝ። መጀመሪያ ሰማይ መጣ። ቀጥሎ የፋሲል ግንብ ጫፍ። ከዚያ ትንሽ ቬሎ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ሙሽራዋ ገና እስከ አንገቷ ነበረች።

«ቴምፕሌቱ አሪፍ ነው አይደል?» አለኝ፣ ዝግጁ የገጽ ንድፉን ማለቱ ነው። አሪፍ ነው። ግን 6000 ፒክስል ስፋት ያለውን ፎቶ ከካሜራው እንደወጣ ነው የጫነው። ደንበኛ ደግሞ ቶና እስኪቀዳ አይጠብቅም።

«የትኛውን ልግዛ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ አማራጮቹን ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው።

መጀመሪያ፦ የሚከፍላችሁ ማነው?

የአዘዞ ወይም የማራኪ ሙሽራ ጎግል ላይ አትፈልጋችሁም። የጓደኛዋን ሰርግ ቲክቶክ ላይ አይታ «ማን ነው ያነሳሽ?» ብላ ትደውላለች። የዩኒቨርሲቲው ተመራቂም እንደዚያው ነው። አሜሪካ ሆና ለጥር ሰርጓን የምታዘጋጅ የጎንደር ልጅ ግን ጎግል ላይ ነው የምትፈልገው። ለጥምቀት የሚመጣው ቱሪስትና የስሜን ተራሮች ፎቶ የሚያስፈልገው አስጎብኚም እንደ እሷው። ዌብሳይት የሚሠራው ለእነዚህ ነው። ደንበኞቻችሁ ሁሉ የመጀመሪያዎቹ ከሆኑ፣ እኔ ብሆን ገንዘቡን ሌንስ እገዛበታለሁ።

ቴሌግራምና ፌስቡክ ብቻ

ነጻ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሰዉ እዚያው ነው። ግን ቴሌግራም በፎቶ መልክ የላካችሁትን ያሳንሰዋል። ጥራቱ እንዲቆይ በፋይል መልክ መላክ አለባችሁ። የአምናው ምርጥ ሥራም ከመቶ ፖስት በታች ተቀብሮ ይቀራል። በ2015 ክረምት ዳታ ሲቋረጥ ደግሞ ለወራት ለመልእክት መልስ መስጠት ያቃተን ብዙ ነን። ውጭ ያለው ደንበኛ ያገኘው ዝምታ ነበር። ሥራውን፣ መነሻ ዋጋውንና ስልክ ቁጥሩን ዌብሳይት ላይ ያስቀመጠ ሰው ግን ቢያንስ ይደወልለታል።

ከሁሉም በፊት የጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ክፈቱ። ነጻ ነው፣ ፎቶ ቤታችሁን ካርታ ላይ ያሳያል፣ ደንበኛም አስተያየት ይጽፍበታል። ዌብሳይትን ግን አይተካም። ጎግል ራሱ በዚያ ፕሮፋይል የሚሠሩትን ቀላል ዌብሳይቶች እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 ዘግቷቸዋል።

ዊክስና ስኩዌርስፔስ

ሁለቱም ኮድ ሳትጽፉ ዌብሳይት የምትሠሩባቸው አገልግሎቶች ናቸው። ለዓይን ከሆነ ስኩዌርስፔስን የሚያህል የለም። ፎቶውን ያስቀድማል፣ ሌላውን ገለል ያደርጋል። ነጻ ፓኬጅ የለውም፤ 14 ቀን ትሞክሩትና ትከፍላላችሁ። ዊክስ ነጻ አለው፣ ግን የራሱን ማስታወቂያ ይለጥፍባችኋል፣ አድራሻችሁም ውስጥ የእሱ ስም ይገባል። ለሰርግ ጥሩ ገንዘብ ልትከፍል ያሰበች ሙሽራ ይህን ስታይ ምን እንደምትል አስቡት። የዊክስ ሌላው ጣጣ ቴምፕሌት ነው። አንዴ ከመረጣችሁ በኋላ ልቀይር ብትሉ እንደ አዲስ መሥራት ነው።

የሁለቱም እንቅፋት ግን ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የዌብሳይቱ ዋጋ በዶላር ባይነካም በብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ብዙዎቻችን ዱባይ ባለ የአክስት ልጅ ካርድ እናስከፍላለን። ካርዱ ሲያልቅበት ይረሳዋል፤ አንድ ጠዋት ዌብሳይቱ የለም።

ለክፍያ መቀበያ ተብሎ የሚሸጠውን ውድ ፓኬጅ ደግሞ ተዉት። የካርድ ክፍያ ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ነጋዴ አካውንት አይከፍትም። በዚያ ላይ ውጭ ያለችውን ሙሽራ ቀብድ እዚህ ያሉ ወንድሟ ወይም እናቷ በቴሌብር ይልኩታል።

አዶቤ ፖርትፎሊዮን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልለፈው፦ ለፎቶ ማስተካከያው ላይትሩም የምትከፍሉ ከሆነ አብሮ ይመጣል፣ ቀላል ነው፣ ከጋለሪ ያለፈ ብዙ አትጠብቁበት።

ዎርድፕሬስ

ዌብሳይት መሥሪያ ሶፍትዌሩ ነጻ ነው፤ የምትከፍሉት ለዶሜይን (ለዌብሳይቱ አድራሻ) እና ለሆስቲንግ (ዌብሳይቱ ለሚቀመጥበት ቦታ) ነው። እዚሁ አገር ሆስቲንግ የሚሸጡ አሉ፣ በብር ትከፍላላችሁ፣ የሰው ካርድ አትለምኑም። ለአማርኛ ጽሑፍ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ነጻ ፊደል መጫን ይቻላል። ከ2560 ፒክስል የሚበልጥ ፎቶ ስትጭኑበትም ራሱ ያሳንሰዋል። እኔ ግን በዚህ ብቻ አልተማመንም። ከላይትሩም ሳወጣ ረጅሙን ጎን 2000 ፒክስል አድርጌ፣ እያንዳንዱን ከ400 ኪሎባይት በታች አወርዳለሁ። የወዳጄንም እንዲህ አድርገን መልሰን ጫንነው። አሁን ሙሽራዋ ከነሚዜዎቿ ከች ትላለች።

ጉዳቱ ሥራው ነው። አፕዴት ይፈልጋል፣ ባክአፕ ይፈልጋል። ስድስት ወር ዞር ብላችሁ ካላያችሁት ሌባ ይገባበታል። ይህን የሚከታተል ሰው ከሌላችሁና ክፍያውን በሰዓቱ የሚከፍል ዘመድ ውጭ ካላችሁ፣ ስኩዌርስፔስ ይሻላችኋል። ለቀረነው እኔ የምመርጠው ዎርድፕሬስን ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ የፋሲል ግንብ ፎቶ ብቻ አትደርድሩ። እሱ የሌለው ፎቶ አንሺ የለም። አንድ ሰርግ ከጥሎሹ እስከ መልሱ በ30 ወይም 40 ፎቶ አሳዩ፤ መብራት የጠፋበት ድንኳን ውስጥ ያነሳችሁትም ይኑርበት። ደንበኛ ለራሱ ቀን የሚፈራው ይህንን ነው። የከተማችን ስም በእንግሊዝኛ «Gondar»ም «Gonder»ም ተብሎ ስለሚጻፍ ሁለቱም ገጹ ላይ ይኑሩ። ዋትስአፕ ቁጥርም አትርሱ፤ ዳያስፖራው እዚያ ነው።

ዶሜይኑን ግን በራሳችሁ ኢሜይል አስመዝግቡ። የእኔን የመጀመሪያ ዌብሳይት የሠራው ልጅ በራሱ ስም አስመዝግቦት ኖሯል። ማደሻው ሲደርስ ስልኩን አላነሳም። ሁለት ሺህ ቢዝነስ ካርድ አሳትሜ ነበር፣ አድራሻው ከነስልኬ የታተመበት። እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ጀርባው ላይ የቀብድ ሒሳብ እጽፍበታለሁ።